ከእሾህ እስከ ወፍ በሽታ፦ ብግነትንና ቫይሮሎጂን አንድ ላይ የማጥኛ መንገድ

ፓቶሎጂ ላይ ኢንፍላሜሽን፣ በአማርኛ ብግነት፣ የሚባል ምዕራፍ አለ። ማይክሮባዮሎጂ ላይ ደግሞ ቫይሮሎጂ፣ የቫይረስ ጥናት። ሁለቱ በተለያየ መምህር ይሰጣሉ፣ ሀንድአውታቸው ለየብቻ ነው፣ ፈተናቸውም ለየብቻ። ተማሪውም ለየብቻ ይቸክላቸዋል። ከዚያ ዋርድ ይገባና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አልጋ ላይ ያገኛል። ሁለቱ ምዕራፎች እዚያ ሰውዬ ውስጥ ተገናኝተው ይጠብቁታል።

እኔን ያጋጠመኝ ይሄው ነው። የብግነት ኬሚካሎችን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወጣው ነበር። አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ አንድ ሐኪም የወፍ በሽታ ወደያዘው ታካሚ እያመለከተ፣ «የዚህን ሰው ጉበት እየጎዳው ያለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቫይረሱ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። «እንዴት አድርጎ?» አለኝ። እዚያ ላይ ቀረሁ። መልሱ ሁለት ምዕራፍ መሀል ነበር፣ እኔ ደግሞ መሀሉን አላጠናሁም።

ይህ መመሪያ መሀሉን ለማጥናት ነው። ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፤ ባዶ ወረቀት፣ ሁለት ቀለም እስኪሪብቶ፣ ሰዓት። አንድ እሾህና አንድ ቫይረስ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ሌላው ሁሉ እነሱ ላይ ይንጠለጠላል።

ደረጃ 1፦ በእሾህ ጀምሩ

እ.ኤ.አ. በ1882 ሜሲና በምትባል የጣሊያን ከተማ ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰካ። እጩ እንደ ብርጭቆ ውስጡ የሚታይ ነው። በማግስቱ ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። «መብላት» ብለን የምናጠናው ፋጎሳይቶሲስ ከዚያ እሾህ ነው የተነሳው። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

እኛ ግን የባሕር ኮከብ አያስፈልገንም። በባዶ እግሩ ሲሮጥ እሾህ የወጋው ልጅ ይበቃናል። ወረቀታችሁ ላይ እግሩን ሳሉ። እሾሁ የገባበት ቦታ ቀላ፣ ሞቀ፣ አበጠ፣ አመመ። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሮማዊ ጸሐፊ ሴልሰስ የዘረዘራቸው አራቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አምስተኛው፣ ማለትም ሥራ ማቆም፣ በኋላ ተጨመረ፤ ልጁ እግሩን መርገጥ አቃተው።

አሁን ከእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ምክንያቱን ጻፉ። መቅላትና መሞቅ ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ትንንሾቹ አርተሪዎች ስለተከፈቱ ብዙ ትኩስ ደም መጣ። ማበጥ ሌላ ነው፤ ከካፒላሪ ቀጥሎ ያሉት ጥቃቅን ቬኖች ግድግዳቸው ክፍተት ፈጥሮ ፈሳሽ አፈሰሱ። ሕመሙን ብራዲካይኒንና ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች ያመጡታል፣ እብጠቱም ነርቩን ይጫነዋል። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚከፈተው አንድ ሥር፣ የሚያፈሰው ሌላ ሥር። ሁለቱን በተለያየ ቀለም ሳሉ።

በማግስቱ ደግሞ ልጁ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣበታል። እናቱ «እግሩ ቆስሎ ነው» ትላለች፣ ልክም ናት። ከእግር የሚነሳው ሊምፍ የሚጣራው ብሽሽት ላይ ባሉት ዕጢዎች ነው። ቆሻሻውና የጀርሙ ቁርጥራጭ እዚያ ይደርሳል፣ ሊምፎሳይት የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይባዛሉ፣ ዕጢው ያብጣል። አማርኛችን ፓቶሎጂውን ቀድሞ ያውቀዋል። «ቁስሉ ተቆጣ» ስንል ብግነት ማለታችን ነው። «አመረቀዘ» ስንል መግል ያዘ ማለታችን ነው። ትምህርቱን መጀመሪያ በእነዚህ ቃላት ያዙት። የላቲኑ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 2፦ ክንዳችሁን ጫሩ፣ ሰዓት ያዙ

ይህን ሳታደርጉ አትለፉ። የእስኪሪብቶ ክዳን ውሰዱ። የክንዳችሁን ውስጠኛ ቆዳ ጠበቅ አድርጋችሁ አንዴ ጫሩት፣ ደም ሳይወጣ። ከዚያ ሰዓታችሁን እያያችሁ ጠብቁ።

በሰከንዶች ውስጥ የተጫረበት መስመር ይቀላል። ትንሽ ቆይቶ ዙሪያው ይቀላል። ጥቂት ደቂቃ ሲሆን መስመሩ ከፍ ብሎ ሰንበር ይሆናል። ሰንበሩ ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይወጣም፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይታይም። ብሪታንያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ በ1920ዎቹ የገለጸው የሦስትዮሽ ምላሽ ይህ ነው። ሥሩ መከፈቱንም ማፍሰሱንም በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ፎቶ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የተነሳ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ጭራሽ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ «አልቀላም፣ ብግነት የለውም» እንዳትሉ። የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡበት። ሙቀቱን ካልተጎዳው ጎን ጋር አወዳድሩ። እብጠቱንና ጥንካሬውን ዳብሱ። ዋርድ ላይ ይህ ከመጽሐፍ በላይ ይጠቅማችኋል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ኬሚካሎቹን በዝርዝር ከመሸምደድ በሚደርሱበት ሰዓት ማጥናት ይቀላል። ወጥ ቤት አስቡ። ድንገት እንግዳ ቢመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ቆሎ ነው፤ ተቆልቶ ተቀምጧልና። ሂስታሚን ቆሎ ነው። ማስት ሴል በሚባል የመከላከያ ሴል ውስጥ ተሠርቶ በከረጢት ተቀምጧል፣ በሰከንድ ይወጣል። ቀጥሎ እንቁላል ፍርፍር ይደርሳል፤ ከቤት ካለው ነገር በደቂቃዎች የሚሠራ። ፕሮስታግላንዲንና ሉኮትሪን እንደዚያ ናቸው። ከሴሉ ሽፋን ስብ ተቆርጠው ወዲያው ይሠራሉ። ዶሮ ወጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 አብዛኛውን ጊዜ ጂን ተከፍቶ፣ ፕሮቲን ተሠርቶ ነው የሚመጡት። ሰዓታት ይወስዳል። ፀረ ሂስታሚን ክኒን የቆዳ ማሳከክን ቶሎ እያስታገሠ የሁለት ቀን ቁስልን ቁጣ የማያበርደው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። በሁለተኛው ቀን ቆሎው አልቋል።

የፈሰሰውን ፈሳሽም ለዩት። በብግነት የሚፈስ ፈሳሽ ፕሮቲን የበዛበት ነው፤ ግድግዳው ቀዳዳ አለውና። ልቡ የደከመ ሰው ላይ የሚጠራቀም ፈሳሽ ግን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ግድግዳው ደህና ሆኖ ሳለ ግፊቱ ነው ውሃውን የገፋው። ከሳንባ ዙሪያ በመርፌ ፈሳሽ ሲቀዳ ፕሮቲኑ ከደሙ ፕሮቲን ጋር የሚወዳደረው ለዚህ ነው። ንጽጽሩ ከ0.5 ካለፈ ግድግዳው ተነክቷል ብለን እንጠረጥራለን።

ደረጃ 3፦ «ወራጅ አለ!»

አሁን ነጭ የደም ሴል ከደም ሥር ወጥቶ እሾሁ ጋ መድረስ አለበት። ሀንድአውቱ ላይ አምስት ስድስት ከባድ ቃል ተደርድሯል። ሚኒባስ ታክሲ አስቡ።

ኒውትሮፊሉ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ነጭ የደም ሴል፣ በመንገዱ መሀል እየበረረ ነው። ፈሳሽ ስለፈሰሰ ደሙ ወፍሮ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ኒውትሮፊሉ ወደ ጠርዝ ይጠጋል። ከዚያ ሴሌክቲን በሚባሉ ፕሮቲኖች ግድግዳውን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይንከባለላል። ሾፌሩ ፍሬን ነካ ነካ እያደረገ ነው። ቀጥሎ ኢንተግሪን የሚባሉት አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በመጨረሻ በሁለት ሴሎች መሀል ተጣቦ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ሽታ እየተከተለ ይሄዳል፤ ሰፈር ውስጥ ቡና የሚቆላበትን ቤት በአፍንጫ እንደማግኘት። ሽታዎቹ ኢንተርሉኪን 8፣ ሲ5ኤ፣ ሉኮትሪን ቢ4 እና የባክቴሪያ ፕሮቲን ቁርጥራጮች ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚጠቅም ማየት የፈለገ ፍሬኑ የተበላሸበትን በሽታ ይይ። ኢንተግሪናቸው ጉድለት ያለበት ሕፃናት አሉ። ኒውትሮፊሉ ደማቸው ውስጥ ሞልቷል፣ ግን መውረድ አይችልም። ቁስላቸው መግል አይዝም። እትብታቸው በጊዜው አይወድቅም፣ ከወር በላይ ይቆያል። «መግል የለውም» ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም ማለት ነው።

ሰዓቱን አትርሱ። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበዛው ኒውትሮፊል ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሞኖሳይት የሚባለው ሌላ ነጭ ሴል ደርሶ ማክሮፌጅ፣ ትልቅ በላተኛ ሴል፣ ይሆናል። መግል የምንለው በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊልና የፈረሰ ሥጋ ነው።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቶቹን እዚያው ሥዕል ላይ ስኳቸው

ይህ ደረጃ አጭር ነው፣ ግን ፋርማኮሎጂ ላይ ያሳርፋችኋል። ከላይ «የሴል ሽፋን ስብ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ አራኪዶኒክ አሲድ። ከእሱ ሁለት መንገድ ይነሳል። በሳይክሎኦክሲጂኔስ በኩል ፕሮስታግላንዲንና ትሮምቦክሴን፣ በሊፖኦክሲጂኔስ በኩል ሉኮትሪን። ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮኮርቲዞን ከላይ ከምንጩ ይዘጋሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ ይዘጋሉ። ሞንቴሉካስት የሉኮትሪንን ሪሴፕተር ይዘጋል። ጆን ቬን የአስፕሪንን አሠራር በ1971 አሳይቶ በ1982 ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆኗል።

ጨጓራ ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክ ሲወስድ ለምን ይብስበታል? ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳም ስለሚጠብቅ ነው። መንገዱን ስትዘጉ ዘበኛውንም አባረራችሁ።

ትኩሳትም እዚሁ ይገባል። ሳይቶካይኖቹ፣ ማለትም ዶሮ ወጥ ያልናቸው ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪኖች፣ የአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያ የሆነው ሃይፖታላመስ ላይ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንዲሠራ ያደርጋሉ። እሱ የሙቀቱን ልክ ለምሳሌ ከ37 ወደ 39 ያነሳዋል። ሰውነታችሁ ገና 37 ላይ ስለሆነ «ቀዝቅዣለሁ» ይላል። ብርድ ብርድ ይላችኋል፣ ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል፣ ጋቢ ትደርባላችሁ። ፓራሲታሞል ሲሠራ ልኩ ይወርዳል፣ አሁን ደግሞ ሰውነት «በዛ» ብሎ በላብ ይጠመቃል። ፓራሲታሞል ትኩሳትና ሕመም ላይ ጎበዝ ነው፤ ብግነት ላይ ግን ደካማ ነው።

ደረጃ 5፦ መጨረሻውን ጠይቁ

እሾሁ ወጥቶ ሁሉም ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። ጠባሳ ሊሆን ይችላል። መግሉ ተከቦ እባጭ ሊሆን ይችላል። ወይም ጉዳዩ ሳያልቅ ይከርማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በአንድ ንባብ ትይዟቸዋላችሁ። ጊዜያችሁን አራተኛው ላይ አጥፉ።

የከረመ ብግነት ውስጥ ኒውትሮፊል አይደለም የሚበዛው። ማክሮፌጅ፣ ሊምፎሳይትና ፕላዝማ ሴል ናቸው። እያፈረሱ እየጠገኑ ይኖራሉ። እኛ አገር ከሁሉ የተሻለው ማስተማሪያ የዕጢ ቲቢ ነው። አንገቱ ሥር ቀስ ብሎ ያበጠ፣ ብዙም የማይሞቅ፣ ብዙም የማያም ዕጢ ይዞ የሚመጣ ወጣት ኢትዮጵያ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ማክሮፌጁ የቲቢውን ባክቴሪያ ውጦታል፣ ግን ሊገድለው አልቻለም። ስለዚህ ቲ ሊምፎሳይት በኢንተርፌሮን ጋማ ያበረታታዋል፣ ማክሮፌጆቹ ተጠጋግተው ግድግዳ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹም ተዋሕደው ብዙ ኒውክለስ ያለው ግዙፍ ሴል ይሆናሉ። ያ ግራኑሎማ ነው። መሀሉ እንደ አይብ ይፈረፈራል። ኤችአይቪ የቲ ሊምፎሳይቱን ቁጥር ሲያወርድ ግድግዳው የሚሳሳውም ለዚህ ነው። ቫይረስና ብግነት መገናኘት ጀመሩ፣ ልብ በሉ።

ደረጃ 6፦ ለእያንዳንዱ ቫይረስ ስድስት ጥያቄ

ቫይሮሎጂን በስም ዝርዝር የሚያጠና ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይረሳል። ካርድ ቁረጡና ለእያንዳንዱ ቫይረስ እነዚህን ብቻ ሙሉ።

አንደኛ፣ ዲኤንኤ ነው አርኤንኤ? ይህን ስትጠይቁ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ኤምአርኤንኤ፣ የፕሮቲን መሥሪያው ትእዛዝ፣ እንዴት ይደርሳል? ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም፣ የፕሮቲን መሥሪያ ማሽን፣ የለውም። ፕሮቲን የሚሠራው በእኛ ነው፣ የእኛ ራይቦዞም ደግሞ የሚያነበው ኤምአርኤንኤ ብቻ ነው። ዴቪድ ባልቲሞር በ1971 ቫይረሶችን የመደባቸው በዚህ ጥያቄ ነው። የፖሊዮ አርኤንኤ ፖዘቲቭ ስለሆነ እንደገባ ይነበባል። የኩፍኝ ኔጌቲቭ ነው፣ እንዳለ አይነበብም፤ ስለዚህ ገልባጭ ኢንዛይሙን ይዞ ይገባል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ የማይሠራውም ለዚሁ ነው። ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያ ግድግዳ፣ ዶክሲሳይክሊን የሚዘጋው የባክቴሪያ ራይቦዞም ቫይረሱ ጋ የሉም።

ሁለተኛ፣ ልብስ አለው ወይስ ራቁቱን ነው? ካፕሲድ የሚባለው የፕሮቲን ቅርፊት ሁሉም ጋ አለ። ከላዩ የስብ ልብስ፣ ኤንቨሎፕ፣ የሚለብሱት ግን ከፊሎቹ ናቸው። ተማሪ ሁሉ የለበሰው የሚጠነክር ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ልብሱ ከእኛ ሴል የተሰረቀ ስብ ነው፤ ሳሙና የወጥ ድስት ላይ ያለውን ቅባት እንደሚያነሳው ያነሳዋል። ራቁቶቹ ፖሊዮ፣ ሮታ፣ ሄፓታይተስ ኤ የጨጓራ አሲድን ችለው ያልፋሉ፤ ስለዚህ በምግብና በውሃ ይመጣሉ።

ሦስተኛ፣ በሩ የቱ ነው? ኤችአይቪ ሲዲ4 ላይ፣ ኮቪድን ያመጣው ቫይረስ ኤሲኢ2 ላይ፣ ኢንፍሉዌንዛ ሲያሊክ አሲድ ላይ ይይዛል። በሩን ካወቃችሁ የሚታመመውን አካል ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ የት ይባዛል? ዲኤንኤ ያላቸው ኒውክለስ ውስጥ፣ ከፈንጣጣ ዘመዶች በቀር። አርኤንኤ ያላቸው ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ከኢንፍሉዌንዛና ከኤችአይቪ በቀር። ፈተና የሚወደው እነዚህን «በቀር»ዎች ነው። ፈንጣጣ ኢትዮጵያ ውስጥ መጨረሻ የታየው በ1976፣ በዓለም ላይ ደግሞ በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻ ሰው የተገኘው በ1977 ሶማሊያ ነው። ከምድር ቢጠፋም ከፈተና ወረቀት አልጠፋም።

አምስተኛ፣ እንዴት ይወጣል? ሴሉን አፈንድቶ ወይስ ልብስ እየለበሰ ቀስ ብሎ? ኢንፍሉዌንዛ ሲወጣ ከሴሉ የሚያላቅቀው ኒውራሚኒዴዝ የሚባል መቀስ አለው። ኦሴልታሚቪር የሚይዘው ያንን መቀስ ነው።

ስድስተኛ፣ ይደበቃል? እዚህ ላይ ቤት ውስጥ የሚነገሩ ሁለት ስሞች አሉን። አልማዝ ባለጭራ የምንለው በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያወጣው የጉድፍ ቫይረስ ነው። ድኖ አልሄደም፤ አከርካሪ አጠገብ ያሉ የነርቭ ዕጢዎች ውስጥ ተኝቶ ከዓመታት በኋላ በአንድ ነርቭ መስመር ብቻ፣ በአንድ ጎን ይወጣል። ጭራ የተባለውም መስመሩን ስታዩት ይገባችኋል። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ኸርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። «ፀሐይ መታኝ» የሚሉትን አትሳቁባቸው። የፀሐይ ጨረር የተኛውን ኸርፒስ ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። ፀሐይ ቫይረሱን አታመጣም፣ ትቀሰቅሰዋለች እንጂ።

ከስድስቱ ቀጥሎ አንድ ነገር ጨምሩ፤ የተጠቃው ሴል ምን ያደርጋል? ይጮኻል። ሌባ ሲባል ጎረቤት በሩን እንደሚዘጋ ሁሉ፣ የተጠቃው ሴል ኢንተርፌሮን ይለቅና ጎረቤቶቹ ፕሮቲን መሥሪያቸውን ይዘጋሉ። አይዛክስና ሊንደንማን በ1957 ያገኙት ነገር ነው። አሁን ወደ መሀሉ ገባን። ድሮ የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ኢንተርፌሮን በመርፌ ሲወስዱ ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ድካም ይይዛቸው ነበር። ልክ እንደ ኢንፍሉዌንዛ። ኢንፍሉዌንዛ ግን አልያዛቸውም። «ቫይረስ ያዘኝ» ብለን የምንተኛበት ሕመም ግማሽ ያህሉ የራሳችን ጩኸት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ደረጃ 7፦ ካርዱን በሄፓታይተስ ቢ ሙሉና የሐኪሙን ጥያቄ መልሱ

ዲኤንኤ ነው፣ ግን ወጣ ያለ፤ ከፊሉ ድርብ የሆነ ክብ ዲኤንኤ። ልብስ አለው። በሩ የጉበት ሴል የሐሞት ጨው የሚያስገባበት አጓጓዥ ነው፤ ለዚህ ነው ጉበትን የሚመርጠው። ኒውክለስ ገብቶ የተዘጋ ክብ ይሆንና ይቀመጣል። ሲባዛ ግን በአርኤንኤ ዞሮ፣ በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተመልሶ ዲኤንኤ ይሆናል። ቴኖፎቪር ሁለቱንም፣ ኤችአይቪንም ሄፓታይተስ ቢንም፣ የሚይዘው ይህን ኢንዛይም ስለሚጋሩ ነው። ኒውክለስ ውስጥ የተቀመጠውን ክብ ግን አይነካውም። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ሊመለስ የሚችለው ለዚህ ነው። ልብስ ያላቸው ቶሎ ይሞታሉ ያልኩትን ሕግም ይጥሳል። የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ደም የነካውን ጠረጴዛ ስታዩ አስታውሱት።

አሁን ጥያቄው። ጉበቱን ማን ነው የሚጎዳው? ሄፓታይተስ ቢ በራሱ የጉበት ሴልን እምብዛም አይገድልም። ሴሉ ውስጥ ሆኖ በሰላም ይባዛል። የሚገድለው የእኛው ሲዲ8 ቲ ሊምፎሳይት ነው። በቫይረሱ የተያዘውን ሴል ለይቶ ያጠፋል። ሴሉ ሲፈርስ ውስጡ የነበረው ኤስጂፒቲ የሚባል ኢንዛይም ወደ ደም ይፈስና የላቦራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ቁጥሩ ይሰቀላል። ጉበቱ ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ቀለም ማስወገድ ሲያቅተው ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከወፍ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ታካሚው ሲጠይቃችሁ ግን በአክብሮት አስረዱት።

ማስረጃው ከዕድሜ ጋር ይታያል። ሲወለድ ከእናቱ የሚይዘው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። መከላከያው ገና ስላልበሰለ አይጮኽም። ግን 90 በመቶ ያህሉ ላይ በሽታው ይከርማል። ጎልማሳ ሲይዘው ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ አቅለሽልሾት፣ ተኝቶ ሊከርም ይችላል። ሆኖም ከ95 በመቶ በላዩ ያጸዳዋል። ቢጫ የሆነው ሰው እየተዋጋ ነው፣ ጸጥ ያለው ሕፃን ግን አልተዋጋም። እኔ ያን ቀን «ቫይረሱ» ብዬ ስመልስ የጎደለኝ ይህ ነበር።

ውጊያው ሳያልቅ ሲከርም ደረጃ 5 ላይ ያያችሁት ይደገማል። ሊምፎሳይት ይሰበሰባል፣ ሲፈርስ ሲጠገን ጠባሳ ይበዛል፣ ጉበቱ ይጠነክራል። ሲሮሲስ ይባላል። ካንሰርም ሊከተል ይችላል። ሌላም አለ። ቫይረሱን ድሮ ያሸነፈ ሰው ለሌላ በሽታ መከላከያን የሚያዳክም ጠንካራ መድኃኒት ቢጀመርለት የተኛው ክብ ሊነሳ ይችላል። ዘበኛው ሲያንቀላፋ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ የላቦራቶሪ ወረቀቱን አንብቡ

ሦስት መስመር ይበቃችኋል። ሰርፌስ አንቲጂን፣ የቫይረሱ የላይኛው ፕሮቲን፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን አለ። ከ6 ወር በላይ ከቆየ ከርሟል። ለሰርፌስ አንቲጂን የተሠራ አንቲቦዲ ካለ መከላከያ አለ። ለኮር፣ ለቫይረሱ የውስጥ ፕሮቲን፣ የተሠራ አንቲቦዲ ካለ ደግሞ እውነተኛው ቫይረስ አንድ ጊዜ ገብቶ ነበር። ክትባቱ ውስጥ ያለው ሰርፌስ አንቲጂን ብቻ ነው፣ ኮር የለበትም። ስለዚህ የሰርፌስ አንቲቦዲ ብቻውን ከታየ ሰውዬው ተከትቧል፤ ሁለቱም ካሉ ታሞ ድኗል። በመሀል ሰርፌስ አንቲጂኑ ጠፍቶ አንቲቦዲው ገና ያልታየበት ክፍተት አለ። ያን ጊዜ የሚታየው የኮር አይጂኤም፣ ቀድሞ የሚሠራው የአንቲቦዲ ዓይነት፣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፈተና የሚወደው ያንን ክፍተት ነው።

ደም ቆጠራም እዚሁ ጨምሩበት። ኒውትሮፊል ከበዛ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ፣ ሊምፎሳይት ከበዛ ብዙ ጊዜ ቫይረስ። «ብዙ ጊዜ» የምትለዋን ቃል አትጣሏት።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መጽሐፉን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ እግሩን፣ እሾሁን፣ ሥሮቹን፣ ንፍፊቱን ከመጀመሪያ ሳሉ። ከዚያ ጤና ላልተማረ ሰው፣ ለእህታችሁም ሆነ ለዶርም ጓደኛችሁ፣ አንድም የላቲን ቃል ሳትጠቀሙ አስረዱ። የተደናቀፋችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ወደዚያ ገጽ ብቻ ተመለሱ።

የመጨረሻ ልምምድ ይኸው። የ21 ዓመት የጤና ተማሪ ነው። አታችመንት ሊወጣ ነው። ሰርፌስ አንቲጂን ኔጌቲቭ፣ ሰርፌስ አንቲቦዲ ኔጌቲቭ፣ ኮር አንቲቦዲ ኔጌቲቭ። ምን ትሉታላችሁ?

ቫይረሱ አልያዘውም፣ ታሞም አያውቅም፣ የሚታይ መከላከያም የለውም። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በፔንታቫለንት (አምስት በአንድ ክትባት) ውስጥ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ከሆነ በሕፃንነቱ ላያገኘው ይችላል። ያልተከተበን ሰው ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ ሲወጋው የሄፓታይተስ ቢ መተላለፍ ዕድል ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው። የኤችአይቪ 0.3 በመቶ ያህል ነው። ተማሪው ግን የሚፈራው ኤችአይቪን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት መርፌ፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ከመጨረሻው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቆይቶ የሰርፌስ አንቲቦዲው ይለካ። በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃዋል።

ወረቀቱ የእናንተ ቢሆንስ? ከነገ ወዲያ ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት አስመርምሩት።